ከተጣለ ፈሳሽ የከበረ ማዕድን፦ ከእንጦጦ አንጥረኞች እስከ አዮናዊ ፈሳሾች

ከአዲስ አበባ በስተሰሜንና በስተሰሜን ምሥራቅ የተዘረጋው የእንጦጦና የየካ ተራሮች ሰንሰለት የሁለት ታላላቅ ወንዞች የውሃ ድንበር ነው። በሰሜን ገጹ የሚወርደው ዝናብ ወደ ዓባይ ያመራል። በደቡብ ገጹ የሚወርደው ግን በቀበናና በሌሎች ጅረቶች ከተማዋን አቋርጦ ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይጓዛል። በመሆኑም በከተማዋ ውስጥ በፈሳሽ ሟሙቶ የተደፋ ነገር ሁሉ፣ መርዝም ይሁን ሀብት፣ አስቀድሞ የሚያስቀረው ሰው ካላገኘ መጨረሻው አቃቂ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ነገር መካከል ብርና ወርቅም ይገኙበታል።

የከበሩ ማዕድናት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከመሬት ስለሚወጡበት ሁኔታ ነው። አንድ ጊዜ ወጥተው በሰው እጅ ከገቡ በኋላ ስለሚጠፉበት መንገድ፣ ከጠፉበትም ስለሚመለሱበት ጥበብ የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ሁለተኛውን ታሪክ ከአንጥረኛው ማቅለጫ አንሥቶ በአሁኑ ዘመን ኬሚስቶች ብዙ ተስፋ እስከጣሉባቸው አዮናዊ ፈሳሾች ድረስ መከታተል፣ በዚያውም አዲሱ አሟሚ ለአዲስ አበባ የሚሰጠውን ጥቅምና የሚያስከትለውን ዕዳ ማመዛዘን ነው።

ዘውድ፣ ጠገራ ብርና አንጥረኛ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ በደፉ ጊዜ የወርቅና የብር ሥራ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ የታወቀ ሙያ ነበር። ከቁስጥንጥንያ የመጣው አርመናዊ አንጥረኛ ዲክራን ኤቤያን ለአፄ ዮሐንስም ለአፄ ምኒልክም ዘውድ እንደሠራ ይነገርለታል። ነገር ግን የአብዛኛው አገሬ አንጥረኛ ጥሬ ዕቃ ከማዕድን ጉድጓድ የወጣ ወርቅ ሳይሆን በገበያ ይዘዋወር የነበረው ጠገራ ብር ነበር። 1780 የሚል ዘመን የተቀረጸበት ይህ የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ከሺሕ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር በመሆኑ በአንዱ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ብር ይገኛል። በየአንገቱ የሚንጠለጠለው መስቀል፣ የእግር አልቦው፣ የጦር ዕቃው ጌጥ ሁሉ በአመዛኙ ከዚህ ገንዘብ ቀልጦ የተሠራ ነው። በ1887 ዓ.ም. ዘመን በፓሪስ የተቀረጸው የምኒልክ ብርም ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። ጠገራ ብር ሕጋዊ ገንዘብነቱን ያጣው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በሥራ ላይ ሲውል ነበር።

የአንጥረኛው ሥራ ለአማርኛ ቅኔ ስሙን ያበደረ ሥራ ነው። ቅርጹ በሰም ይበጃል፤ በጭቃ ይለበጣል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ይወጣና በቦታው ወርቁ ይፈስሳል። «ሰምና ወርቅ» የሚለው አነጋገር ከዚህ የመጣ ነው። በሥራው መጨረሻ ግን ከሰሙም ከወርቁም ሌላ ሦስተኛ ነገር ይቀራል፤ እርሱም በመሬት ላይ የቀረው የሞረድ ብናኝ፣ በማቅለጫው ግድግዳ የተጣበቀው ቅሪት፣ በአመድ ውስጥ የተሸሸገው ፍንጣሪ ነው። በዓለም ላይ ያለ ልምድ ያለው አንጥረኛ ሁሉ የመደቡን ጥርጊ ሳያበጥርና መልሶ ሳያቀልጥ አይጥልም። ከዝቃጭ የከበረ ማዕድን የማውጣት ሙያ የተጀመረው በዚህ ጥርጊ ነው።

ይህ ሙያ ግን ክብር አልነበረውም። ጠይብ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ እየተባለ ሠራተኛው ይሰደብ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱትም በዚህ ምክንያት ነው። ዝቃጭን የሚነካ እጅ የመናቁ ነገር ከአዋጁ በኋላም ወዲያው እንዳልጠፋ ወደ ኋላ ይታያል።

የሚያሟሙ ውሃዎች

ጥርጊን ማበጠር የሚቻለው ብረቱ በዓይን የሚታይ ወይም በእሳት የሚሰበሰብ ሲሆን ነው። ወርቅ ከብርና ከመዳብ ጋር ተዋሕዶ ሲገኝ ግን ሊለየው የሚችለው አሟሚ ነው። ናይትሪክ አሲድ ብርንና መዳብን ያሟማል፤ ወርቅን አይነካም። ስለዚህ አንጥረኞች ወርቁን ከሦስት እጥፍ ያህል ብር ጋር ያቀልጡና በአሲዱ ይቀቅሉታል። ብሩ ሟሙቶ ሲሄድ ወርቁ እንደ ቡናማ ዱቄት ከሥር ይቀራል። በፈሳሹ ውስጥ የመዳብ ሰሌዳ ቢነከር መዳቡ በብሩ ፋንታ ይሟሟል፤ ብሩም ተመልሶ ይረጋል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሰማያዊ ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ የሚደፋ ነው። በውስጡ ግን መዳብ፣ ያልረጋ ብርና፣ ጥሬ ዕቃው ከያዘው ደግሞ ፓላዲየም ይገኝበታል።

ወርቅን ራሱን የሚያሟማው የሃይድሮክሎሪክና የናይትሪክ አሲዶች ድብልቅ ነው። ይህ ድብልቅ ማዕድናትን ሁሉ የሚገዛውን ወርቅ ስለሚያሸንፍ ከጥንት ጀምሮ «የንጉሥ ውሃ» ይባላል። የዚህን ውሃ ጠባይ ከሁሉ በተሻለ የሚያስረዳው በኮፐንሃገን የተፈጸመው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የጀርመን ጦር ዴንማርክን ሲወር፣ በኒልስ ቦር ተቋም ይሠራ የነበረው ኬሚስት ጆርጅ ደ ሄቬሲ የማክስ ፎን ላውንና የጄምስ ፍራንክን የኖቤል ሜዳሊያዎች በንጉሥ ውሃ አሟምቶ ጠርሙሱን በመደርደሪያ ላይ ተወው። ወታደሮቹ ቤቱን ቢፈትሹም ከፈሳሹ ምን እንዳለ አላወቁም። ከጦርነቱ በኋላ ወርቁ ከፈሳሹ እንዲረጋ ተደረገ፤ ሜዳሊያዎቹም እንደገና ተሠሩ። በፈሳሽ ውስጥ የገባ ወርቅ ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። የሚያስፈልገው ጠርሙሱ ምን እንደያዘ የሚያውቅ ሰው ነው።

ሦስተኛው ታላቅ አሟሚ ሲያናይድ ነው። አዲስ አበባ በምትቆረቆርበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1887፣ በግላስጎው ከተማ ጆን ማካርተርና የፎረስት ወንድማማቾች በቀጭን የሲያናይድ ሙሙት ወርቅን ከድንጋይ አሟምቶ በዚንክ መልሶ የማርጋትን ዘዴ በፈጠራ መብት አስመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ ዋጋ የሌለው ይባል የነበረ ድንጋይ ሁሉ ማዕድን ሆነ። በኢትዮጵያም በአዶላ ለብዙ ዓመታት ከወንዝ አሸዋ በውሃ ሲታጠብ የኖረው ወርቅ በለገደምቢ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ከአለት በሲያናይድ መውጣት ያዘ። ይህ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1997 ወደ ግል ይዞታ ተዛወረ። የአካባቢው ነዋሪዎች በሰውና በከብት ጤና ላይ ጉዳት ደርሷል በማለት ባሰሙት ተቃውሞ ምክንያት በግንቦት 2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ታግዶ፣ ሥራው እንደገና የቀጠለው ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አሟሚው ወርቁን ምን ያህል አወጣ የሚለው ጥያቄ፣ አሟሚው ራሱ ወዴት ሄደ ከሚለው ጥያቄ ተነጥሎ ሊጠየቅ አይችልም።

በራጅ ክፍል የሟሟ ብር

ከማዕድን ማውጫ ርቆ በከተማው መካከል ብር በብዛት የሟሟበት ቦታ የፎቶግራፍ ቤትና የሆስፒታል የራጅ ክፍል ነው። ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ የቆየ ሙያ ነው። የአርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተሰብ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። በፊልምና በወረቀት ላይ ምስሉን የሚሠራው የብር ጨው ነው። ብርሃን ያልነካው ጨው ግን ምስሉ እንዳይበላሽ መወገድ አለበት። ለዚህም ጆን ኸርሽል እ.ኤ.አ. በ1819 ያገኘው ታዮሰልፌት እ.ኤ.አ. ከ1839 ጀምሮ ማጽኛ፣ በሠራተኞች አጠራር ፊክሰር፣ ሆኖ አገለገለ። ታዮሰልፌት ብሩን አሟምቶ ይዞት ይወጣል።

ያገለገለ የራጅ ፊክሰር በሊትር ከ2 እስከ 8 ግራም ብር ሊይዝ ይችላል። መካከለኛውን 4 ግራም ብንወስድ፣ 1 ሺሕ ሊትር ፊክሰር 4 ኪሎ ግራም ብር ይይዛል። ይህም በ171 ጠገራ ብሮች ውስጥ የሚገኘውን ንጹሕ ብር ያህላል። አንድ አንጥረኛ 171 ጠገራ ብር በጅረት ውስጥ ሲበተን ቢያይ ዝም ብሎ እንደማያልፍ የታወቀ ነው። ብሩ ሟሙቶ በጄሪካን ሲደፋ ግን ማንም አይደነግጥም።

ይህን ብር ለመመለስ ረቂቅ ጥበብ አያስፈልግም። በፈሳሹ ውስጥ ቀጭን የኤሌክትሪክ ጅረት ቢተላለፍ ብሩ በአሉታዊው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። የብረት ሱፍ በሞላበት በርሜል ውስጥ ቢያልፍም ብረቱ ይሟሟና ብሩ ይቀራል። ሁለቱም ዘዴዎች ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ ናቸው። ሆኖም ሁለቱም አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ፊክሰሩ ከማጠቢያው ውሃ ጋር ሳይቀላቀል ለብቻው እንዲጠራቀም። ራጅ ወደ ዲጂታል ሲዛወር ይህ የብር ምንጭ በየቦታው እየደረቀ ሄዷል። ሀብቱን ለመሰብሰብ የተሰጠው ጊዜ ብዙም ሳይሠራበት ማለፉ የዚህ ዘመን ባለሙያ ሊያስብበት የሚገባ ነው፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ ጊዜ አሁን እንደገና ተከፍቷል።

በክፍል ሙቀት የሚፈስ ጨው

የገበታ ጨው የሚቀልጠው በ801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሶዲየምና ክሎራይድ ትናንሽና ክብ አዮኖች በመሆናቸው በሥርዓት ተደርድረው አጥብቀው ይያያዛሉ። ከሁለቱ አንዱ ትልቅና ቅርጹ ያልተስተካከለ ቢሆን ግን ድርድሩ ይናጋል፤ ጨውም በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል። ከ100 ዲግሪ በታች የሚቀልጥ ጨው አዮናዊ ፈሳሽ ይባላል። የሪጋው ኬሚስት ፓውል ዋልደን እ.ኤ.አ. በ1914 በ12 ዲግሪ የሚቀልጠውን ኤቲል አሞኒየም ናይትሬት ሲገልጽ ነገሩ እንደ እንግዳ ነገር ታይቶ ታለፈ። እ.ኤ.አ. በ1951 ኸርሊና ዊር የተባሉ አሜሪካውያን ተመሳሳይ ጨዎችን ለአሉሚኒየም ቅብ ተጠቀሙ። እነዚያ ጨዎች ግን እርጥብ አየር ሲነካቸው ይበላሹ ነበር። ውሃና አየር የሚችሉትን ዊልክስና ዛዎሮትኮ እ.ኤ.አ. በ1992 አዘጋጁ። ከስድስት ዓመት በኋላም የሮቢን ሮጀርስ ቡድን በውሃ የማይዋሐዱትን ዓይነቶች ከውሃ ውስጥ ነገሮችን ነጥሎ ለማውጫ አዋላቸው። ዛሬ በማዕድን ኬሚስትሪ የሚታየው ብዙው ጥናት የተነሣው ከዚህ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ወርቅ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ሲሟሟ አራት ክሎራይዶችን ይዞ አንድ አሉታዊ ሙል ያለው ትልቅ አዮን ይሆናል። በዚህ ሙሙት ላይ ትልቅ የፎስፎኒየም አዎንታዊ አዮንና ክሎራይድ የያዘ አዮናዊ ፈሳሽ ቢጨመርና ቢናወጥ፣ ፈሳሹ የራሱን ክሎራይድ ለውሃው ለቅቆ የወርቁን አዮን ይቀበላል። ሁለቱ ፈሳሾች ሲረጉ እንደ ዘይትና ውሃ ይለያያሉ፤ ወርቁም ወደ አዮናዊው ፈሳሽ ተሻግሮ ይገኛል። የፕላቲነምና የፓላዲየም አዮኖች ሁለት ሙል ስላላቸው ውሃው ይበልጥ አጥብቆ ይይዛቸዋል፤ በዚህ ልዩነት ከወርቁ መለየት ይቻላል። ኒኬል ከነክሎራይዱ አሉታዊ አዮን ለመሆን ስለማይፈቅድ በውሃው ውስጥ ይቀራል። ዚንክና ሦስት ሙል ያለው ብረት ግን አሲዱ ሲበረታ ከወርቁ ጋር አብረው ይሻገራሉ። ስለዚህ የአሲዱን መጠን መቆጣጠር የሥራው ግማሽ ነው።

ከቀድሞዎቹ አሟሚዎች ጋር ሲነጻጸሩ አዮናዊ ፈሳሾች ሁለት ታላላቅ ጥቅሞች አሏቸው። አንደኛ፣ እንደ ነጭ ጋዝና እንደ ሌሎች ኦርጋኒክ አሟሚዎች በቀላሉ አይተንኑም፣ በቀላሉም አይቀጣጠሉም። ሁለተኛ፣ በሊትር ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ ወርቅ ከያዘ ፈሳሽ እንኳ ወርቁን ሊሰበስቡ ይችላሉ። አዎንታዊው ወይም አሉታዊው አዮን ሲለወጥ የፈሳሹ ጠባይ ስለሚለወጥም ለአንድ ማዕድን ብቻ የሚስማማ አሟሚ ማዘጋጀት ይቻላል። ይህ ለኢትዮጵያ ባዕድ ጉዳይ አይደለም። በወለጋ ዩብዶ እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ከአፈር እየታጠበ የወጣው ፕላቲነም፣ ዛሬ በየመኪናው የጭስ ማጣሪያ ውስጥ ሆኖ ከውጭ ተመልሶ ይገባል። መኪናው ሲያረጅም ማጣሪያው እንደ ተራ ብረት ይሸጣል።

የአዲሱ አሟሚ ዕዳ

አዲስ ነገር ሲመጣ ጥቅሙ ይነገራል፤ ዕዳው ይቆያል። የአዮናዊ ፈሳሾች የመጀመሪያ ዕዳ መልቀቅ አለመውደዳቸው ነው። ወርቁን አጥብቆ የሚይዝ ፈሳሽ ወርቁን አጥብቆ ይከለክላል። ለማስለቀቅ ታዮዩሪያን የመሰለ ሌላ ኬሚካል ወይም ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ዕዳ ውፍረታቸው ነው። ከላይ የተጠቀሰው ዓይነት የፎስፎኒየም ፈሳሽ በ25 ዲግሪ እንኳ እንደ ማር የወፈረ ነው። በየካ ኮረብቶች ብርድ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ማሞቅ ወይም በሌላ አሟሚ ማቅጠን የግድ ይሆናል።

ሦስተኛው ዕዳ ከሁሉ ይከብዳል። «አይተንም» ማለት «አይጠፋም» ማለት አይደለም፤ በጥቂቱ ወደ ውሃው ይሟሟል። ለምሳሌ ያህል አንድ ሺሕ ሊትር ዝቃጭ ፈሳሽ በሊትር 5 ሚሊ ግራም ወርቅ አለው እንበል። የሚገኘው ወርቅ 5 ግራም ነው። አዮናዊው ፈሳሽ በሊትር 100 ሚሊ ግራም ብቻ እየሟሟ ቢሄድ 100 ግራም ጠፍቷል ማለት ነው። ለአንድ ግራም ወርቅ 20 ግራም ውድ አሟሚ ወደ ጅረት ተደፋ ማለት ነው። «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚባለው እንዲህ ያለውን ብድር ነው። ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ የሚቆጠርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ አገር በአንድ የቆሻሻ መጣያ አካባቢ አፈር ውስጥ ከኢሚዳዞሊየም ወገን የሆነ የአዮናዊ ፈሳሽ አዎንታዊ አዮን መገኘቱንና የጉበት በሽታን ሊቀሰቅስ የሚችል መሆኑን ተመራማሪዎች አስታውቀዋል። ረዥም የካርቦን ሰንሰለት ያላቸው ዓይነቶች ለውሃ ውስጥ ፍጥረታት መርዝ መሆናቸውም ቀደም ብሎ የታወቀ ነው። አንዳንዶቹ ፍሎሪን ያለባቸው ደግሞ ከውሃ ጋር ሲቆዩ አደገኛውን ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያመነጫሉ።

ለነዚህ ዕዳዎች መፍትሔ የሚሆኑ መንገዶች ተጀምረዋል። አንዱ አዮናዊውን ፈሳሽ በጠንካራ ቅንጣት ላይ ለብጦ በዓምድ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በማሌዢያ ባዚቃን ከተፈጥሮ ጋዝ ለማስወገድ በኢንዱስትሪ ደረጃ የሠራው ይህ ዘዴ ነው። ሌላው ርካሽ ዘመዶቹን መፈለግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የአንድሩ አቦት ቡድን ኮሊን ክሎራይድ ከዩሪያ ጋር ሲቀላቀል በ12 ዲግሪ የሚቀልጥ ፈሳሽ እንደሚሆን አሳየ። ኮሊን ክሎራይድ የዶሮ መኖ ማዳበሪያ ነው፤ ዩሪያ ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው ማዳበሪያ ነው። የኮሊን ክሎራይድ ፈሳሾች አዮዲን ሲጨመርባቸው ወርቅን ያለ ሲያናይድ እንደሚያሟሙም ከዚያ ወዲህ ተረጋግጧል።

ከየካ አባዶ እስከ አቃቂ

በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በየመሳቢያው የተኛው የተበላሸ የእጅ ስልክ፣ በየበረንዳው የተቀመጠው አሮጌ ቴሌቪዥን የዚህ ታሪክ አዲሱ ምዕራፍ ነው። ከአንድ ቶን የወርቅ ድንጋይ ጥቂት ግራም ወርቅ ሲገኝ፣ ከአንድ ቶን የእጅ ስልክ ቦርድ በመቶዎች የሚቆጠር ግራም ሊገኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወጥቶ በሥርዓት ተሰብስቦ መልሶ ለጥቅም የዋለው 22.3 ከመቶ ብቻ ነበር። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት ለአንድ ከተማ ብቻ የተነገረ አይመስልም።

በአዲስ አበባ ይህን ሀብት በመጀመሪያ የሚሰበስበው በየሰፈሩ እየተጣራ የሚያልፈው ቆራሌ ነው። ከእርሱ እጅ ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። በዚያም የሚፈለገው በአመዛኙ መዳቡ፣ አሉሚኒየሙና ብረቱ ነው። የሽቦ ላስቲክ በእሳት ሲነደድ የሚወጣው ጭስ የሠራተኛውን ሳንባ ይጎዳል፤ ቦርዱ ላይ ያለው ወርቅ ግን ብዙ ጊዜ ዋጋ ሳይሰጠው ያልፋል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. በአቃቂ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች መፍቻ ማእከል ተቋቁሟል። እ.ኤ.አ. በ2018ም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት ደንብ ቁጥር 425 ወጥቷል። ሕጉና ቦታው አሉ ማለት ነው። የሚጎድለው ከቆራሌው ከረጢት እስከ ኬሚስቱ ብርጭቆ ድረስ ያለው መሰላል ነው።

ይህንን መሰላል የሚሠሩት ባለሙያዎች ከታሪኩ የሚወስዱት መመሪያ ሦስት ነጥቦች አሉት። አንደኛው መለየት ነው። የፊክሰሩ ብር የጠፋው ጥበብ ስለሌለ ሳይሆን ፊክሰሩ ከማጠቢያ ውሃ ጋር ስለተቀላቀለ ነው። የወርቅ ቅብ ቤት፣ ቤተ ሙከራና የጥገና ሱቅ እያንዳንዱ ዝቃጩን በተለየ ዕቃ ካላስቀመጠ ከሁሉ የረቀቀው አዮናዊ ፈሳሽም ምንም አይሠራም። ሁለተኛው መመዝገብ ነው። ስንት ግራም ማዕድን እንደገባና ስንት እንደወጣ፣ ስንት ግራም አሟሚ እንደገባና ስንት እንደተመለሰ በአንድ መዝገብ ጎን ለጎን መጻፍ አለበት። ወርቁን ብቻ የሚቆጥር መዝገብ ግማሽ መዝገብ ነው። ሦስተኛው ተራ መጠበቅ ነው። ማዕድኑ በብዛት ባለበት ፈሳሽ ኤሌክትሪክና የብረት ሱፍ ይቅደሙ፤ አዮናዊው ፈሳሽ በዓምድ ላይ ተለብጦ፣ ሌላው ዘዴ ሊይዘው ለማይችለው ለመጨረሻው ጥቂት ሚሊ ግራም ይቆይ። ውድ መሣሪያን በርካሹ ቦታ ማዋል ጥበብ አይባልም።

ከነዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚቀድም አንድ ነገር አለ። በ1900 ዓ.ም. አዋጅ ያስነገረው ንቀት ዛሬ በቆራሌውና በቦርድ ፈቺው ላይ ሲታይ፣ ሙያውም ከአደባባይ ወደ ጓዳ፣ ከጓንት ወደ ባዶ እጅ ይወርዳል። አሲድ በጓዳ የሚያፈላው ወጣት የሚደፋውን ፈሳሽ ለማንም አያሳይም። የማኅበሩ አባላት ሙያቸውን ለእርሱ ካላካፈሉ፣ እርሱም የሚያውቀውን ለእነርሱ ካልነገራቸው፣ በኮፐንሃገን መደርደሪያ ላይ እንደቆመው ጠርሙስ ሀብቱ በፊታቸው ቆሞ አያውቁትም። የኮፐንሃገኑ ጠርሙስ ግን ጦርነቱ እስኪያልፍ ድረስ ባለበት ጠብቋል። በአዲስ አበባ የሚደፋው ወደ አቃቂ ይወርዳል፤ የአቃቂ ውሃ ደግሞ የከተማዋን ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል።